ታሞ ማን ይስቃል? ድባቴና ዕድሜ ልክ የሚቆይ ሕመም ከወልድያ እስከ ሀብሩ

ዕድሜ ልክ የሚቆይ ሕመም ያለበት ሰው «ሆድ ይብሰኛል፤ ምንም ነገር አያምረኝም» ሲል ከቤተሰቡም፣ ከጎረቤቱም፣ ካርዱ ላይ ከሚጽፍለት ባለሙያም የሚሰማው መልስ ብዙ ጊዜ ተመሳሳይ ነው፤ ታሞ ማን ይስቃል? ንግግሩ ከርኅራኄ የመጣ ነው፤ ግማሽ እውነትም አለው። ጉዳቱም የሚመነጨው ከዚያው ግማሽ እውነት ነው። የታመመ ሰው ማዘኑ የሚጠበቅ ከሆነ ስለ ሐዘኑ መጠየቅ ትርፍ ሥራ ይሆናል፤ ካልተጠየቀ አይታወቅም፤ ካልታወቀ አይታከምም። በዚህ ዳሰሳ የምከራከረው፣ የሰውነት መከላከያቸው ራሳቸውን በሚያጠቃቸው ሕሙማን ላይ የሚታየው ድባቴ የራሱ ሕክምና ያለው፣ ሳይታከም ሲቀር ደግሞ ዋናውን ሕክምና የሚያበላሽ ችግር መሆኑን ነው። ክርክሩን በሰሜን ወሎ ወዳሉት ወደ ወልድያ፣ ወደ መርሳና ወደ ሀብሩ ገጠር ያመጣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። እዚያ ለዝምታው ሌላ ማስረጃ ተጨምሮለታል፤ ከሰሜኑ ጦርነት ወዲህ ጤነኛውስ መቼ ሳቀ ይባላል።

በሕክምናው ዓለም ኦቶኢሚዩን የሚባሉት ሕመሞች ከ80 በላይ ናቸው። የሚያመሳስላቸው ጀርም እንዲዋጋ የተፈጠረው የመከላከያ ኃይል ዞሮ የገዛ ሰውነትን ማጥቃቱ ነው። መገጣጠሚያን ሲያጠቃ ሪውማቶይድ አርትራይተስ፣ በቆሽት ውስጥ ኢንሱሊን የሚያመነጩትን ሕዋሳት ሲያጠፋ ዓይነት 1 ስኳር፣ የቆዳን ቀለም የሚሠሩትን ሲያጠፋ ለምጽ፣ ቆዳን፣ ኩላሊትንና መገጣጠሚያን ባንድ ጊዜ ሲይዝ ሉፐስ ይባላል። ይህ የሀብታም አገር በሽታ ነው የሚሉ አሉ። እርግጥ ትልልቁ ቁጥር የሚመጣው መዝገብ ከሚይዙት አገሮች ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመ የብሪታንያ ጥናት የ22 ሚሊዮን ሰዎችን የሕክምና መዝገብ አገላብጦ ከእነዚህ ሕመሞች 19ኙ በድምሩ ከ10 ሰዎች አንዱን እንደሚነኩ፣ ሴቶችን ደግሞ ከወንዶች እጥፍ በሚጠጋ መጠን እንደሚይዙ አሳይቷል። ነገር ግን ከዚሁ ወገን የሆነና የድሃ አገር መለያ የሆነ ሕመምም አለ። ሳይታከም የቀረ የልጅነት የጉሮሮ ሕመም የመከላከያ ኃይሉን አሳስቶ የልብ በሮችን የሚያበላሽበት የሪውማቲክ የልብ ሕመም ነው። ኢትዮጵያን ጨምሮ በ14 አገሮች 3,343 ሕሙማንን የተከታተለው ሬመዲ የተባለው ጥናት የሕሙማኑ አማካይ ዕድሜ 28 ዓመት መሆኑን፣ በ2 ዓመት ውስጥም ከ6 ሰዎች አንዱ ገደማ መሞቱን መዝግቧል። ይህ ማለት በሽታው ሰውን የሚያገኘው ሊያገባ፣ ሊወልድ፣ መሬት ሊያርስ ሲነሣ ነው። አንድ ጥንቃቄ ግን እዚህ ላይ ያስፈልጋል። በገጠር ኢንሱሊን የሚወጋ ከሲታ ወጣት ሁሉ የኦቶኢሚዩን ሕመምተኛ አይደለም። የጎንደር ሐኪሞች ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘ ሌላ ዓይነት ስኳር እንዳለ ለዓመታት ሲጽፉ ቆይተዋል፤ ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽንም እ.ኤ.አ. በ2025 ዓይነት 5 ብሎ ዕውቅና ሰጥቶታል። ለምናነሣው ጉዳይ ግን መርፌው፣ ወጪውና ዕድሜ ልክ መቆየቱ ሁለቱን ያገናኛቸዋል።

ከሕመሙ በፊት የሚያደክመው ስም አለማግኘቱ ነው። መገጣጠሚያ ያበጠበት ሰው በአካባቢው «ሪህ ነው» ወይም «ቁርጥማት ነው» ይባላል፤ በሉፐስ ጉንጯ ላይ ሽፍታ የወጣባት ሴት ማድያት ወይም ምች ተብላ ቅጠል ይቀባላታል፤ የሚወርድ የሚወጣ ትኩሳቷ ለቆላው ወባ ይሰጣል። መርሳ ከወልድያ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ወልድያ ከደሴ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች፤ የመገጣጠሚያና የኦቶኢሚዩን ሕመሞች ልዩ ሐኪም የሚባሉት በአገር ደረጃ በጣት የሚቆጠሩና በአብዛኛው አዲስ አበባ ያሉ ናቸው። ስለዚህ ከጤና ኬላ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከጤና ጣቢያ ወደ ወልድያ፣ ከዚያ ወደ ደሴ፣ አንዳንዱም 500 ኪሎ ሜትር አልፎ ወደ ጥቁር አንበሳ ሪፈር እየተጻፈ ዓመታት ይነጉዳሉ። በእነዚህ ዓመታት ሕመምተኛዋ የምትሰማው «ምንም አልተገኘብሽም» የሚል ቃል ነው። ምንም ያልተገኘባት ሴት እህል ሳትፈጭ፣ እንጀራ ሳትጋግር ስትውል ቤተሰቡ የሚሰጣት ስም ሰነፍ ነው። በየአገሩ ስለ ሉፐስ ከተጻፈው ብዙው የምርመራ ውጤት የተነገራቸው ሰዎች ከድንጋጤ ጋር እፎይታ እንደሚሰማቸው ይጠቅሳል፤ ሰው ዕድሜ ልክ የማይድን በሽታ ስም ሰምቶ እፎይ የሚለው ስም ማጣት ምን ያህል ቢከብድ ነው?

ወደ ቁጥሩ ስንገባ ጥንቃቄ የሚጠይቅ ነገር ይገጥመናል። እ.ኤ.አ. በ2013 የ72 ጥናቶችንና የ13,189 ሰዎችን መረጃ ያዋሐደ ትንታኔ ሪውማቶይድ አርትራይተስ ካለባቸው መካከል በጥልቅ የሕክምና ቃለ መጠይቅ ሲመረመሩ ዋና ድባቴ የተገኘባቸው 16.8 በመቶ መሆናቸውን አሳየ። በዚያው ትንታኔ ፒ.ኤች.ኪው-9 በተባለው የ9 ጥያቄ መጠይቅ ሲለካ ግን ቁጥሩ 38.8 በመቶ ሆነ። በሉፐስ 24 በመቶ፣ የነርቭን ሽፋን በሚያጠቃው መልቲፕል ስክለሮሲስ 30 በመቶ ገደማ የሚሉ ተመሳሳይ ትንታኔዎች አሉ። በአገራችን የስኳር ሕሙማን ላይ የተሠሩ ጥናቶች ተደምረው እ.ኤ.አ. በ2018 ሲታዩ ውጤቱ ወደ 40 በመቶ ተጠግቷል፤ አብዛኞቹ ሕሙማን ግን ዓይነት 2 ያለባቸው ናቸው። በአንጻሩ በአገር አቀፍ ደረጃ በጠቅላላው ሕዝብ ላይ በተደረገ ጥናት የድባቴ መጠን 9.1 በመቶ ነበር። እነዚህን ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጦ «አራት እጥፍ» ብሎ መጮህ ቀላል ነው፤ ትክክል ግን አይደለም፤ መለኪያዎቹ ይለያያሉና።

እዚህ ላይ ተቺዎች የሚያነሡት ነጥብ ጠንካራ ነው። ከ9ኙ ጥያቄዎች መካከል እንቅልፍ፣ ድካም፣ የምግብ ፍላጎት፣ ሐሳብን መሰብሰብና የእንቅስቃሴ መዘግየት አሉ። መገጣጠሚያው የሚቆጠቁጠው ሰው አይተኛም፤ ልቡ የደከመ ሰው ይዝላል፤ ስኳሩ የወጣበት ሰው ይከሳል። እንግዲህ መጠይቁ የሚቆጥረው ድባቴን ነው ወይስ ራሱን በሽታውን? መልሱ ሁለቱንም ነው፤ የ16.8 እና የ38.8 ልዩነት የተፈጠረውም በከፊል ከዚሁ ነው። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግን ጉዳዩ ተጋንኗልና እንተወው የሚል አይደለም። በጥብቁ መለኪያ እንኳ ከ6 ሰዎች አንዱ ይቀራል። መውጫውም በመጠይቁ ውስጥ ራሱ አለ። ደስታ ማጣት፣ ለነገር ሁሉ ፍላጎት ማጣት፣ ራስን ዋጋ ቢስ አድርጎ መቁጠርና ሞትን መመኘት ከመገጣጠሚያ እብጠት በቀጥታ አይመጡም። ብዙ ሰው እጁ ተጣሞም በልጁ ሠርግ ደስ ይለዋል። በሪውማቶይድ አርትራይተስ ላይ የተሠሩ ጥናቶች የሕመሙ ክብደትና የድባቴው ክብደት ልክ ለልክ እንደማይሄዱ ማሳየታቸው የዚህ ዳሰሳ ምሰሶ ነው። ሐዘኑ የሕመሙ ጥላ ብቻ ቢሆን ኖሮ የባሰበት ሁሉ ይደበት፣ የተሻለው ሁሉ ይፈካ ነበር።

ታዲያ ሁለቱን የሚያገናኛቸው ምንድን ነው? አንዱ መንገድ ደም ውስጥ ያልፋል። የመከላከያ ኃይሉ በሚቆጣበት ጊዜ የሚረጩት ሳይቶካይን የተባሉ መልእክተኞች አንጎልንም ይደርሳሉ፤ ማንም በጉንፋን ተይዞ ምግብ ሲጠላና ሰው ሲሸሽ ያየው ነገር የእነርሱ ሥራ ነው። ጉንፋን በሳምንት ያልፋል፤ ኦቶኢሚዩን ሕመም ግን ቁጣውን ለዓመታት ያቆየዋል። ለዚህ ጠንካራው ማስረጃ የመጣው ካልታሰበበት ቦታ ነው። ቀደም ሲል የጉበት ቫይረስ ሲ የያዛቸው ሰዎች ኢንተርፌሮን በተባለ፣ ከሳይቶካይን ወገን በሆነ መርፌ ይታከሙ ነበር፤ ከእነርሱ ሲሦ የሚሆኑት ሕክምናውን ከጀመሩ በሳምንታትና በወራት ውስጥ በድባቴ ተያዙ። ትዳራቸውም፣ ኪሳቸውም፣ ጎረቤታቸውም ያው ነበር፤ የተጨመረው መርፌው ብቻ ነው። ይህን ይዘው ድባቴ ሁሉ የደም ቁጣ ነው የሚሉ ግን ከማስረጃው ቀድመው ሮጠዋል። እ.ኤ.አ. በ2013 መድኃኒት እምቢ ያላቸው 60 የድባቴ ሕሙማን ኢንፍሊክሲማብ በተባለው ቁጣ አብራጅ ተሞክረው በጥቅሉ ከባዶው መድኃኒት የተሻለ ለውጥ አላሳዩም፤ የተጠቀሙት በደማቸው ውስጥ የቁጣ ምልክቱ ከፍ ያለባቸው ብቻ ነበሩ። ደም አንድ መንገድ ነው፤ ብቸኛው አይደለም።

ሌላው መንገድ በኑሮ በኩል የሚያልፈው ነው፤ ለሰሜን ወሎ ይህኛው ይበልጥ ያሳስበኛል። በዴንማርክ የ3.56 ሚሊዮን ሰዎች መዝገብ ታይቶ በኦቶኢሚዩን ሕመም ምክንያት ሆስፒታል የገባ ሰው ከዚያ በኋላ በስሜት መታወክ የመያዝ ዕድሉ በ45 በመቶ ከፍ እንደሚል ተገኝቷል። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ የስዊድን ጥናት ደግሞ ጥያቄውን ገልብጦ ጠየቀ። ከባድ ድንጋጤና ጭንቀት ባመጣው መታወክ የተያዙ ከ106 ሺህ በላይ ሰዎችን ተከትሎ በኋላ ኦቶኢሚዩን ሕመም የመያዝ ዕድላቸው ካልተያዙት በሲሦ ገደማ እንደሚበልጥ አሳየ። እንዲህ ያለ ጥናት መንስኤን አያረጋግጥም፤ በጭንቀት ጊዜ የሚጨሰው ሲጋራና የሚታጣው እንቅልፍ ተደብቀው ሊገቡበት ይችላሉ። መንገዱ በሁለቱም አቅጣጫ የሚሄድ ሊሆን እንደሚችል ግን ቸል ማለት አይቻልም። ወልድያ ከነሐሴ 2013 ዓ.ም እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም በጦርነት እጅ ነበረች፤ የከተማዋን ሆስፒታል ጨምሮ የአካባቢው የጤና ተቋማት መዘረፋቸው በሰፊው ተዘግቧል። ከ2015 ዓ.ም ማብቂያ ጀምሮ ደግሞ በክልሉ የተነሣው ግጭት መንገድ ይዘጋል፣ ይከፍታል። ኢንሱሊን ለሚወጋ ልጅ የተዘጋ መንገድ ፖለቲካ አይደለም፤ የቀኖች ጉዳይ ነው። በየሦስትና አራት ሳምንቱ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ለሚወጋ የልብ ሕመምተኛም ያመለጠ መርፌ ሌላ የልብ በር ሊያስከፍለው ይችላል። ነገ መድኃኒት ይኑር አይኑር የማያውቅ ሰው ጭንቀቱን ከበሽታው ለይቶ ማሳየት አይችልም፤ እኛም አንጠይቀው።

የኑሮ ጥራት የሚለካበት የተለመደው መሣሪያ የዓለም ጤና ድርጅት ባለ 26 ጥያቄ መጠይቅ ሰውነትን፣ ስሜትን፣ ማኅበራዊ ኑሮንና አካባቢን ይጠይቃል። ሀብሩ ውስጥ ግን የኑሮ ጥራት ማለት ማለዳ ማለት ነው። ሪውማቶይድ አርትራይተስ ጣቶችን የሚያስረው ጠዋት ነው፤ አንድ ሰዓትና ከዚያም በላይ ሳይፈቱ ይቆያሉ። ያ ሰዓት ሊጥ የሚሰፋበት፣ ጀሪካን የሚነሣበት፣ ላም የምትታለብበት፣ ቡና የሚወቀጥበት ነው። ወረዳው ወደ ዓረብ አገር ብዙ ወጣት ከሚወጣባቸው አንዱ በመሆኑ ምጣዱን የምትረከብ ልጅ ቤት ላትኖር ትችላለች፤ እናት በልጇ የሐዋላ ብር መድኃኒት እየገዛች፣ በልጇ አለመኖር ሥራው ይከብድባታል። የወሎ ማኅበራዊ ኑሮ ጠንካራ ነው፤ ዕድር የሚመስለው ቅሬው፣ የጋራ ጸሎቱ ወዳጃው፣ የሦስት ጊዜ ቡናው፣ ሙስሊምና ክርስቲያን በአንድ ልቅሶ መቀመጡ ከብዙ አገር ያስመሰግነዋል። በዚህ ተማምነው «እዚህ ሰው ብቻውን አይደለም» የሚሉ አሉ። ሐሳቡን አከብራለሁ፤ ነገር ግን ይህ ድጋፍ የተሠራው በዋናነት ለሞትና ለድንገተኛ ችግር ነው። አሥር ዓመት ለሚቆይ፣ ለዓይን ለማይታይ ድካም አልተሠራም። ቅሬ መብት ብቻ ሳይሆን ግዴታም ነው፤ ከልቅሶ የቀረ ይቀጣል ወይም ይታማል። ጉልበቷ የከዳት ሴት ሁለት ሦስት ቀብር ስትቀር ከቅጣቱ ይልቅ ሐሜቱ ይጎዳታል፤ ከዚያ በኋላ ራሷ ከሰው ትርቃለች፤ መራቋም በተራው ድባቴውን ያከብደዋል።

የቆዳ ሕመም ያለባቸው ደግሞ ሌላ ዓለም ይኖራሉ። ለምጽ አያምም፣ አይገድልም፣ አይተላለፍም፤ ሆኖም በጥቁር ቆዳ ላይ ከሩቅ ይታያል፤ የጋብቻ ጥያቄ ያቋርጣል፤ የተዘረጋ እጅ ያስመልሳል። ደሴ አጠገብ ያለው የቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ለረጅም ዘመን የሥጋ ደዌና የቆዳ ሕሙማን መድረሻ በመሆኑ እዚያ ተልኮ መሄድ ብቻውን ለመጠርጠር ይበቃል። የእነዚህን ሰዎች ኑሮ ለመለካት በዓለም የሚሠራበት እ.ኤ.አ. በ1994 ካርዲፍ ላይ የተዘጋጀ ባለ 10 ጥያቄ መጠይቅ ነው። ቆዳህ ስፖርት ከመሥራት ከለከለህ ወይ፣ ገበያ ከመውጣትና የግቢ አትክልት ከመንከባከብስ እያለ ይጠይቃል። ከአንድ ትሪ መብላትን፣ በሰላምታ መጨባበጥን፣ ሕፃን ማቀፍን አይጠይቅም። ስለዚህ በዚህ መጠይቅ ዝቅተኛ ጉዳት ያሳየ ሰው በእርግጥ ያልተጎዳ ነው ብዬ ለመቀበል ይከብደኛል።

አሁን ወደ ዋናው ተቃውሞ እንምጣ። ሁሉም ባዘነበት አገር የሕሙማኑን ሐዘን ለይቶ ድባቴ ብሎ መሰየም ድህነትንና ጦርነትን ወደ በሽታ መለወጥ ነው የሚሉ ምሁራን አሉ። ክኒን ለራብ አይሰጥም፤ በዚህ እስማማለሁ። ነገር ግን ተቃውሞው አንድ ነገር ይዘላል። እ.ኤ.አ. በ2016 በሐራሬ 573 ሰዎችን ያሳተፈ የዚምባብዌ ሙከራ ነበር። የሠለጠኑ የሰፈር ሴቶች ከጤና ጣቢያ ውጭ በአግዳሚ ወንበር ተቀምጠው ሰዎችን ችግራቸውን በየተራ እየፈቱ አማከሯቸው፤ ከ6 ወር በኋላ የድባቴ ምልክት የቀረባቸው 14 በመቶ ያህሉ ሲሆኑ በተለመደው አሠራር ከቆዩት ግን ግማሾቹ ነበሩ። የሐራሬ ድህነት በ6 ወር አልጠፋም። ሰዎቹ ግን ከድህነቱ ጋር የሚታገሉበት ጉልበት አገኙ። በአሜሪካ ስኳር ወይም የልብ ሕመም ወይም ሁለቱም ከድባቴ ጋር ባለባቸው 214 ሰዎች ላይ እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ሙከራም አንድ ነርስ የሥጋውን ሕመምና ድባቴውን ባንድ ላይ ስትከታተል ድባቴው ብቻ ሳይሆን ስኳሩና የደም ግፊቱም እንደተሻሻለ አሳይቷል። ሥጋውን ከመንፈሱ ለይተን በተራ እናክም የሚለው ሐሳብ በማስረጃ ፊት የሚቆም አይመስለኝም።

ሃይማኖት ይበቃል ለሚሉት ረጅም መልስ አያስፈልግም። ሰው ወደ ግሸን ማርያም ጸበል ይሄዳል፣ ዱዓ ያስደርጋል፣ ወዳጃ ይቀመጣል፤ ይህን የሚያሳንስ ሐኪም ሕመምተኛውን ያጣል። ችግሩ የሚመጣው ጸበል ላይ ያለ ሰው ኢንሱሊኑን ሲያቋርጥ ነው፤ ይህም የሃይማኖት ትእዛዝ ሳይሆን የመረጃ ጉድለት ነው፤ ካህኑም ሼኩም ከጤና ባለሙያው ጋር ቢነጋገሩ ይታረማል።

ባለሙያ የለም የሚለው ይበልጥ ይከብዳል። የአእምሮ ሐኪም በየወረዳው የለም፤ በቅርብ ጊዜም አይኖርም። ግን የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ያስጀመረው፣ ኢትዮጵያም ቀደም ብላ የተቀበለችው አሠራር የተመሠረተው በዚሁ እጥረት ላይ ነው፤ ነርሱና ጤና መኮንኑ ሠልጥነው ያክማሉ። ፍሎክሰቲንና አሚትሪፕቲሊን በአገሪቱ መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አሉ። ብዙ ጊዜ የሚታየው ስሕተት ሌላ ነው፤ ለሕመም ማስታገሻና ለእንቅልፍ በማታ የሚሰጠው ትንሽ አሚትሪፕቲሊን ድባቴን እንደሚያክም ተቆጥሮ ዓመት ይዘልቃል፤ ለድባቴ የሚበቃው መጠን ግን ከዚያ በብዙ ይበልጣል፤ ልቡ ለታመመ ሰው ደግሞ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ፕሬድኒሶሎንም አለ። ርካሽ ነው፣ ሕመምን በቀናት ያስታግሣል፣ ስለዚህ ያለ ትእዛዝ ከመድኃኒት ቤት ይገዛል። እ.ኤ.አ. በ1972 የታተመ የቦስተን ጥናት በቀን 40 ሚሊግራም ወይም ከዚያ በታች የወሰዱት ላይ የአእምሮ መታወክ 1.3 በመቶ፣ ከ80 በላይ የወሰዱት ላይ ግን 18.4 በመቶ መሆኑን አሳይቷል። ድንገት ሲያቋርጡትም ስሜት ይወድቃል። የከፋው ሰው ድባቴ አለበት ብሎ ከመደምደም በፊት ምን እየዋጠ እንደሆነ መጠየቅ ግድ የሚለው ለዚህ ነው።

መንገድ በሚዘጋበት አገር ቀዳሚው የድባቴ ሕክምና መድኃኒት እንዳይቋረጥ ማድረግ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ለዚህም አርአያ ከሩቅ አይፈለግም። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ኤች.አይ.ቪ ላለባቸውና ለተረጋጉ ሰዎች የ6 ወር መድኃኒት ባንድ ጊዜ ትሰጣለች። ለሉፐስና ለሪውማቶይድ የሚሰጡት ክኒኖች የደም ክትትላቸው እስከተጠበቀ ድረስ ወደዚህ ሊጠጉ ይችላሉ። ኢንሱሊን ግን ቅዝቃዜ ይሻል፤ በሀብሩ ቆላ ያለ ማቀዝቀዣ ሊቆይ የሚችለው በእርጥብ አሸዋ በታሸገ የሸክላ ማሰሮ ውስጥ ነው፤ ያም ለሳምንታት እንጂ ለወራት አይሆንም። ሌላም ችግር አለ። ብዙ ኢንሱሊን ወይም ብዙ አሚትሪፕቲሊን መኖር ለሚፈልግ ሰው ዋስትና ነው፤ ሞትን ለሚመኝ ሰው ግን ከዚሁ የከፋ ነገር እጁ ላይ ማስቀመጥ አይቻልም። መድኃኒት የምታድለው ነርስ ለማን 3 ወር፣ ለማን 2 ሳምንት እንደምትሰጥ የምትወስንበት ሌላ መንገድ የላትም፤ ባለፉት ሁለት ሳምንታት ደስታ ርቆህ ነበር ወይ፣ መኖር አስጠልቶህ ያውቃል ወይ ብላ መጠየቅ አለባት፤ ወረፋው ቢረዝምም።